ሳልሽ ያስነሳው ወረርሽኝ

የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካሽ፤ ደግ ሰው አያሳጣሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣራው ብቻ ያፈሳል።

በስልክ ስታስዪ ሰምቼ አላስችል ቢለኝ፣ የሰፈሩን አራት ፋርማሲዎች ዞሬ ያለውን የሳል ሽሮፕ ሁሉ ገዛሁልሽ። ለካ አንድ መድኃኒት በድንገት ብዙ ሲሸጥ፣ ኮምፒውተራቸው «ወረርሽኝ ሳይገባ አልቀረም» ብሎ ለጤና ቢሮ ይናገራል! በማግስቱ ማስክ ያደረጉ ሦስት ሰዎች በሬን አንኳኩ።

«እማማ፣ ስንት ሰው ታሟል?»

«አንድ።»

«የታል?»

«ልጄ ናት፤ ውጭ አገር።»

አባትሽ ሳቁ አላስቆም ብሎት ጓዳ ገባ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግን እስካሁን ሰላም የምትለኝ በመስኮት ነው።

አለቃቸው «የበሽተኛዋ ሁኔታ ሳይታወቅ ማንቂያው አይዘጋም» አለችኝ። እባክሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ደውዪልን፤ እኔም ኮምፒውተሩም እየጠበቅንሽ ነው። አምላክ ደረትሽን ያሙቅልሽ።

እናትሽ