ሞተሩ ብርድ ይዞታል

ሐሙስ፣ የካ. 5። ከሰ. 11፡30

ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ። ወርክሾፑ ይበርዳል። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል፣ ማመልከቻ ከጻፍኩ ዓመት ሆነ። ዛሬ የሞተር ማቀዝቀዣ። የድሮዋን ፒክአፕ ከፈትን፣ ቴርሞስታቷን አወጣን፣ ክዳኑን መለስን። እንደ ሁልጊዜው አልኳቸው፦ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የምትዘጋ፣ ሲሞቅ የምትከፈት ትንሽ የውሃ በር ናት፤ አንድ ቀን ተዘግታ ከቀረች ሞተሩ ተቃጠለ፤ ስለዚህ አውጥታችሁ ጣሏት። ጻፉ። ይህን ትምህርት በጨረስኩ ቁጥር ይደክመኛል። ደብተሬ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሰናይት ከዝዋይ ደወለች። ታናሽ እህቴ እንደሆነች ታውቃለህ፤ ስትደውል ወይ ሰርግ ነው ወይ ጣጣ። ዛሬ ጣጣ። ወደ ሐይቁ ደሴቶች ሰው የሚያመላልሰው የትራንስፖርት ማኅበሩ ጀልባ ሞተር ሞቷል። በሁለት ዓመት ሁለተኛው ሞተር። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ጉልበት ከዳው። ሰው ሞልቶበት። መውለጃዋ የደረሰ ሴት ነበረች። ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ ሲገፋቸው ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ጎተቷቸው። ሁሉም ተርፈዋል። ጀልባ ነጂው ታግዷል፣ ሞተሩን የገደለው አያያዙ ነው ተብሎ። የማኅበሩ ኮሚቴ ከውጭ የባለሙያ ጽሑፍ ይፈልጋል። እትዬ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ አለች። እሺ አልኳት። የነጂውን ስም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ የካ. 7። ከሰ. 10፡00፣ ሰናይት ቤት

በጠዋት ሚኒባስ። ወደ ቆላው ስንወርድ፣ ኦጎልቾ ሳንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ። ሐይቁ ዳር ኮሚቴው ቆሞ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ አቶ ደበላ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

ነጂው ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይጠመጥማል። ከመዞሩ በፊት አወቅኩት። ትከሻው።

“አካም ጅርቱ፣ ቲቸር።”

ገመቹ። የዲክሲስ ልጅ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ ነበር። በመጨረሻው የተግባር ፈተና ጣልኩት፣ የምስክር ወረቀት ሳይወስድ ሄደ። ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ነው የወደቀው። እንዲህ ነው የጻፍኩት ያኔ፣ እንዲህ ነው ለሰው የምናገረው።

ደህና ነህ አልኩት። 

ሞተሩ። ብዙ ተለምኖ ተነሳ። ነጭ ጭስ። ግማሽ ሰዓት አስሮጥነው። እጄን ቴስታታው ላይ አሳረፍኩ፤ የሞተሩ ራስ ነው፣ ደህና የሠራ ሞተር ላይ እጅ አያርፍም። አረፈ። ተረስቶ እንደቆየ ሻይ ነው፣ ለብ ያለ። ሙቀት መለኪያ አስገባሁ። ሰባ ዲግሪ ግድም መድረስ ነበረበት፤ አርባን አላለፈም። የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ ከልኩ በላይ። ማንም ሳይጨምርበት የጨመረ ዘይት። አሸተትኩት፣ ናፍታ ናፍታ ይላል።

የቴርሞስታቱን ቤት ፈታሁ። ባዶ።

መኪና ቢያንስ የራሱን ውሃ ይዞ ይዞራል። ጀልባ ሐይቁን ነው የሚጠጣው። ፓምፑ ቀዝቃዛውን ይስባል፣ ያዞራል፣ ይተፋል፣ ሌላ ቀዝቃዛ ይስባል። በር ከሌለው ሞተሩ በሕይወቱ አንድም ቀን አይሞቅም። ያልነደደው ናፍታ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ብረት ብረትን ይበላል። ጉልበቱ በአንድ ቀን አላለቀም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው።

ማን አወጣው አልኩ። ብሩክ፣ አሉ።

ብሩክንም አስተምሬዋለሁ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል። አንደኛ። አሁን ከተማው ውስጥ ጋራዥ አለው፣ የማኅበሩን ጥገና የሚሠራው እሱ ነው። ተጠርቶ በሞተር ብስክሌት መጣ፣ ትከሻዬን ሳመ፣ ፊቱ በራ። ለኮሚቴው እንዲሰማ ጮክ ብሎ፦

“አዲስ ሞተር ሲገባ መጀመሪያ እሷን ማውጣት ነው። ሁለቱንም አውጥቻለሁ። ቲቸር ራሷ ናት ያስተማረችን!”

ጫማዬን አየሁ። ገመቹ ገመዱን መጠምጠም ቀጠለ።

እሁድ፣ የካ. 8። ጠዋት 3፡00

የጾም ዋዜማ። ሰናይት ዶሮዋ ላይ ናት፣ እኔ ምድጃዋን ወስጄባታለሁ፣ ታጉረመርማለች።

አቶ ደበላ ትናንት ሲሸኙኝ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ። ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። “ነጂው ሞተሩ ብርድ ይዞታል በማለት አመልክቷል።” በሦስተኛው ሥር አንድ ሰው በእስክርቢቶ “ጋቢ ይልበስ” ብሎ ጽፏል። ሳቁበት። ሞተር እንዴት ይበርደዋል? ብሩክ ባለ ወረቀት ነው፣ ይሄ ልጅ ወረቀት የለውም። ሞተሩን እንዳይነካ ተከልክሏል፣ መሪውን ብቻ እንዲይዝ። ለምን ወረቀት እንደሌለው ያውቁ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳለኝ። እውነት አሳለኝ? አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ገመቹ በር ላይ መጣ፣ አልገባም አለ። አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሰጠኝ። ውስጡ በግራሶ ቅባት የተጠቀለለ ቴርሞስታት። ብሩክ የጣለው። አንስቶ አስቀምጦታል።

በሰናይት ድስት ቀቀልኩት፣ ሙቀት መለኪያው አጠገቡ ተንጠልጥሎ። ሃምሳ፣ ምንም። ስልሳ፣ ምንም። ሰባን ሲያልፍ በሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ውሃ ውስጥ። ከእሳቱ ሳወርደው ተመልሶ ዘጋ። ደህና ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር።

ሰናይት ድስቴን በግራሶ አበላሸሽው አለች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ድስቱን ራሷ ማጠብ ጀመረች።

ሰኞ፣ የካ. 9። አሰላ። ከሰ. 12፡00

ጾም ገባ። ሰውነቴም ከባድ ነው።

ጽሑፉን ጀመርኩ። አንደኛው ረቂቅ፦ “ጉዳቱ የደረሰው በጥገና ባለሙያው ስህተት ነው።” ብሩክ ላይ። ጥሩ አማርኛ፣ ንጹሕ፣ ማኅተም የሚገባው። ቀደድኩት። ሁለተኛው፦ “በዘርፉ ባለው የእውቀት ክፍተት ምክንያት።” የማንም ያልሆነ ክፍተት። እሱንም ቀደድኩ።

ሻይ አፈላሁ። አልጠጣሁትም።

ማክሰኞ፣ የካ. 10። ከሰ. 11፡00

ደብተሬ፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ።

የዘጠኝ ዓመቱን አሮጌ ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። ያ ቀን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ “ዛሬ ትእዛዝ የማይቀበል ተማሪ ጣልኩ።” የቀረውን ዛሬ ልጻፍ።

በፈተናው ዝርዝር ላይ፣ በእኔ እጅ፣ “ቴርሞስታቱን አውጣ” ይላል። ብሩክ አወጣ፣ ሙሉ ነጥብ። ገመቹ አወጣው፣ አገላብጦ አየው፣ ሻይ የምናፈላበት ድስት ውስጥ ከተተው፣ ሲከፈት ጠበቀ፣ ጠርጎ መልሶ አሰረው። ይሠራል፣ ቲቸር፣ ለምን እጥለዋለሁ? አለ። እዚህ ብርድ አገር ነው፣ ሞተሩ እንዴት ይሞቃል? አለ። በትሕትና ነው ያለው። ክፍሉ በሙሉ እኔን አየ። “ከእኔ በላይ አዋቂ ከሆንክ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?” አልኩት። ዜሮ። አስወጣሁት። የሳቀም ነበር።

ማታውኑ፣ እልህ ይዞኝ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት የአምራቹን መመሪያ አወጣሁ። እሱን ላሳፍርበት ነበር። አነበብኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ልጁ ትክክል ነው። እኔ ከአጎቴ ጋራዥ የተማርኩት፣ አጎቴም ከማን እንደተማረው እንጃ፣ ስህተት ነው።

ውጤቱ ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አልሰጠሁም ነበር። ደብተሬ፣ አልሰጠሁም ነበር!

በማግስቱ እንዳለ ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠሁት።

ምክንያት አለኝ። በወርክሾፑ ብቸኛዋ ሴት አስተማሪ ነበርኩ። መፍቻ ስይዝ የሚስቁ ባልደረቦች ነበሩኝ። ከተማሪ ተማረች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ምክንያቱ እውነት ነው። ልጁን ግን እኔ ነኝ የጣልኩት፣ እነሱ አይደሉም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየዓመቱ፣ እያወቅኩ፣ ያንኑ አስተማርኩ፤ ትምህርቱን መቀየር ያንን ቀን ማመን ስለሆነብኝ። ባለፈው ሐሙስ እንኳ። ሰሌዳ ላይ። በገዛ እጄ።

ሐሙስ፣ የካ. 12። ምሳ ሰዓት

ለብሩክ ደወልኩ። ከጽሑፉ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰማ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ያስተማርኩህ ስህተት ነው፣ አልኩት።  ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ይሰማል። ከዚያ፣ ስንት መኪና ላይ እንዳወጣሁ ያውቃሉ? አለ። በስንት ሰው ንብረት ላይ በእርስዎ ስም እንደማልኩ? ቅዳሜ ሲመጣ አንቺ ብሎኝ ነበር፣ እንደ እናት። አሁን እርስዎ ሆንኩ።

ስሜን አይጻፉ፣ ከዚሁ ሥራ ነው የምኖረው፣ አለ። የእኔን እጽፋለሁ አልኩት። ሳይሰናበት ዘጋ። አይፈረድበትም።

ቅዳሜ፣ የካ. 14። ከሰ. 9፡00፣ ሐይቁ ዳር

አነበብኩት። ቆሜ። ኮሚቴው አግዳሚ ላይ፣ ገመቹ በሩ ጋ፣ ብሩክ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ። ሞተሩን የገደለው ብርድ ነው። ነጂው በወቅቱ በትክክል አመልክቷል። ቴርሞስታቱ የወጣው እኔ ባስተማርኩት የተሳሳተ ትምህርት ነው። ስሜ፣ ፊርማዬ።

አቶ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ታዲያ ይሄ ልጅ ያኔ ምን ብሎ ወደቀ?”

“ይህንኑ ብሎ፣ አባቴ።”

ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡ መጻፍ አቆመ። ከዚያ ብዙ ተነጋገሩ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። እግዱ ተነሣ። አዲሱ ሞተር ሲመጣ ገመቹና ብሩክ አብረው እንዲገጥሙት፣ ገመቹ እንዲቆጣጠር። ብሩክ ተነሥቶ ሄዶ ጨበጠው። ያንን አልጠበቅኩም።

ገመቹን ውሃው ዳር ተከተልኩት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“ያኔ ያውቁ ነበር?”

መዋሸት እችል ነበር። ማን ያያል።

“ስጥልህ አላወቅኩም። በዚያው ቀን ማታ አወቅኩ። ውጤቱ ገና እጄ ላይ ነበር።”

ጎንበስ ብሎ እጁን በሐይቁ ታጠበ። እጁ ቆሻሻ አልነበረበትም። ደጋግሞ ታጠበ።

“እኔ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር” አለ። “ለአባቴም ሳላጠና ነው የወደቅኩት አልኩት። ቲቸር በደለችኝ ብል አያምነኝም፤ አስተማሪ አይዋሽም ይላል። ሰነፍ ልጅ እንዳለው አምኖ ነው የሞተው፣ ቲቸር።”

  ይቅር ብያለሁ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰዎች ጠሩት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። “እናቴ በሕይወት አለች” አለ። “ለእሷ ይንገሯት።”

ሰኞ፣ የካ. 16። ከሰ. 10፡00

የኮሌጁ ዲን ጋ ገባሁ። ነገርኩት። በሩን ዘጋው። የዘጠኝ ዓመት ውጤት አይከፈትም አለ፤ ልጁ ከፈለገ የብቃት ምዘና ይቀመጥ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ከዚያ በለሆሳስ፦ ጡረታሽ ደርሷል፣ ምን ያነሣሣሻል? ለደግ አስቦ ነው። ምዘናውን ይቀመጥ፣ ግን ለምን እንደሚቀመጥ በጽሑፍ እሰጣለሁ አልኩት። ገመቹ ይፈልግ እንደሆነ ገና አላውቅም። መልእክት ላክሁ። አልመለሰም።

ከሰዓት በኋላ ክፍል። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ስለ ቴርሞስታት ያስጻፍኳችሁን ሰርዙ አልኩ።  ለምን፣ አሉ። ነገርኳቸው። ስሙን ሳልጠራ፣ ሁሉንም። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦ ከእኛ በፊት የተመረቁትስ? ስልካቸውን እየፈለግኩ ነው አልኳት። ስልካቸው የጠፋስ? አለች። ቴርሞስታቷን ወደ ፒክአፗ መለስናት።

ቅዳሜ፣ የካ. 21። ጠዋት 1፡15፣ መናኸሪያ

የዲክሲስ ሚኒባስ ውስጥ። ሁለት ሰው ቀርቶታል። ጉም ነው፣ ከፊት ያለው ባጃጅ አይታይም። ትናንት ማታ ገመቹ መለሰልኝ፦ የቤቱ አቅጣጫ፣ የእናቱ ስም፣ አማርኛ እምብዛም እንደማይሆንላቸው፣ ሌላ ቃል የለም። ስለ ምዘናው ምንም። እሱ አይመጣም።

 የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው። “ልጅሽ ትክክል ነበር” የሚለውን ሌሊቱን ስለማመደው አደርኩ። “እኔ እያወቅኩ” የሚለው ጋ ምላሴ ይያዛል፣ በየትኛውም ቋንቋ።

ከጎኔ አንዲት እናት፣ ቃሪያ በዘንቢል። ማን ጋ ነው የምትሄጂው አለችኝ። የተማሪዬ እናት ጋ። ደግ ነሽ፣ አስተማሪ እንዲህ ቤት ድረስ አይሄድም አለች። አይደለሁም አልኳት። አልሰማችኝም። ልጁ ጎበዝ ነው? አለች።

ከሁሉም ይበልጥ ነበር፣ አልኳት። አፌን ሞልቼ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ…

መኪናው ሞላ። ልንሄድ ነው።