ዲናሞውን ያወረድንበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገብረ መድኅን፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎስ? ፋሻው ተፈታልዎ ወይስ ሐኪሙ ገና ይቆይ ይላል? የአዲስ አበባ ክረምት ወገብዎን እንዴት አደረገው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ መራቅ በቀር የጎደለብን የለም።

አባባ፣ ከሰው አፍ ሳይሰሙት እኔው ልንገርዎ። ሲሄዱ «የመኪናዬን ሞተር ማንም እንዳይነካ» ብለው ነበር፤ ነካነው። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ አውርደን አልተርኔተር የሚሉትን አዲስ ዕቃ አስገባንላት።

ነሐሴ ላይ ባለቤቴ ደጀኔ ሞሚና የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ከነቤተሰቧ ከአዳባ በመኪናዎ ጭኖ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲመጣ፣ ዲንሾ ላይ ጉም ወረደበት። በቀትር መብራት አብርቶ በጭቃው ቀስ እያለ ሲወጣ ባትሪው ደከመ፤ መብራቱ ጭል ጭል አለና ሞተሩ ቀጥ አለ። ቤተሰቦቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሄዱ፤ መንገድ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ደጀኔ ግን ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው።

ወዳጅዎ ሜካኒኩ መሀመድአወል መጥቶ አየና፣ ዲናሞ ሞተሩ ሲሮጥ እንጂ ቀስ ሲል በቂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ አዲሱ ግን መኪናዋ ቆማም ሞተሩ ከተነሣ ባትሪ ይሞላል አለን። ከሻሸመኔ አስመጥቶ ገጠመው። ደጀኔ ሮቤ ደርሶ ሲመለስ ባትሪው እንደገና ሞተ! የማስጠንቀቂያዋ ቀይ መብራትም ሞተሩ ተነሥቶ አልጠፋ አለች። መሀመድአወል አልተርኔተሩን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ችንጋውን አጠበቀ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተነ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። «ነጋዴው የሞተ ዕቃ ነው የሸጠልን፤ ወላሂ አልምረውም!» አለ።

እኔን ያውቁኛል፤ ካልጠየቅሁ ሆዴ አያርፍም። «ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሄዶ በምን ይመለሳል?» አልሁት። ሳቀና «በመኪናዋ አካል ነዋ፣ ብረት ከብረት ሲነካካ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አልተርኔተሩን የያዘው አዲስ ብረት ከነቀለሙ ታስሯል። «ቀለምስ ያሳልፋል?» ስለው መፍቻውን አነሣ። ከዚያ ፈታና ቀለሙን በቢላ ፍቆ መልሶ አሰረው። ሞተሩ ሲነሣ ቀይዋ መብራት ጠፋች። እሱ «ያ ረቢ!» ሲል እኔ እልል አልሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ሠርግ መስሎት ወጣ።

ያወረድነውን ዲናሞ ፈትቼ አየሁት። የመዳብ ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ጠቁሯል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ብረት በመሽከርከሩ ብቻ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? መሀመድአወልን ብጠይቀው «እሱን አላህ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው መግጠሙን ነው» አለኝ። ሃያ ዓመት ሲነዱ እርስዎ አስበውት ያውቃሉ?

አባባ፣ መሀመድአወል ጋራዡ ገብቼ ከእሱ ጋር እንድሠራ ጠየቀኝ። ደጀኔ «አባትሽ ከፈቀዱ እኔ እምቢ አልልም» ብሏል። ሰው የሚለውን አስቤበታለሁ፤ ቢሆንም መሥራቱን እፈልጋለሁ። ቃልዎን ይላኩልኝ።

ወንድሜ ብዙነህን፣ ባለቤቱን እኅተማርያምን፣ ልጃቸውን ትንሿን ማሚቱንም በናፍቆት ይሳሙልኝ። ደጀኔ እጅ ነሥቷል፤ መሀመድአወልም ሰላም ብሎዎታል። ማሚቱ ይህን ስታነብልዎ የተቆጡበት ቦታ ካለ እዚያው ታቁም፤ ንዴትዎ ሲበርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ታንብብልዎ።

ልጅዎ ወለተኢየሱስ
ጎባ፣ ባሌ ጠቅላይ ግዛት
መስከረም ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.