የማን እጅ ጽሑፍ ነው?

ወልድያ፣ ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ አዋሳ ላለኸው ታናሽ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሽሮ ስትበላ ያቃጥልሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትርንጎ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ስለሆነ ለሚስቴ አትስጋላት። እዚያ አገራችን መርሳ ሰሞኑን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ የአባታችን ጓሮ ማንጎ ሳይበስል ረገፈ አሉ። አዝኛለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። የኛ ቤት ስልክ ማንሻውን ባነሳሁት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሰው እያዳመጠ ነው እላለሁ፤ ትርንጎ ዝናብ የገባው ሽቦ ነው ትላለች። ሽቦም ይሁን ሰው፣ ይህን የምነግርህን ነገር በሽቦ ልልከው አልወደድኩም።

ነገሩ የተጀመረው በጡረተኞች ትምህርት ነው። ባለፈው ጥር በማህበራችን አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለጡረተኞች ነፃ ትምህርትና መዝናኛ አለ ይላል፤ ኮምፒዩተር፣ የጓሮ አትክልት፣ ቁም ጽሕፈት፣ መማር ለማይፈልግ ደግሞ ዳማ። ሻይም አለ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነፃ የሚል ቃል ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ፈራሚውን ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ፊርማ የለውም። ምርጫ ሊደርስ ዓመት ከምናምን ሲቀረው ሽማግሌ ሰብስቦ ሻይ ማጠጣት ምንድነው? ይህን ለትርንጎ ብነግራት፣ በዚህ ዕድሜህ ምንህን ነው የሚሰልሉት፣ የጉልበቴን ቅባት ነው ብላ ሳቀችብኝ።

አልሄድም ብዬ ነበር። ኋላ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ሳይ ቁጥር ስድስት ላይ ይታገሱ፣ ቁም ጽሕፈት ይላል። በዚያው ሰዓት ገብቼ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ተመዘገብኩ።

ይታገሱን አትረሳውም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ታይፒስት የነበረው፣ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አሥራ አምስት ዓመት የጽሕፈት መኪና የደበደበው፣ ያ ቀይ፣ ረጅሙ። በ84 ዓ.ም. እኔ ስታሰር ወንበሬን የወረሰው። ያ ያሳሰረኝ፣ በእጅ የተጻፈው ስም የለሽ ጥቆማ አሥራ አንድ መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። የድሮ ፓርቲ አባላትን መዝገብ ደብቋል ይላል፤ ይሄ ውሸት ነው። የአባቱን ሽጉጥ መርሳ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ከሎሚው ሥር ቀብሯል ይላል፤ ይሄ እውነት ነው። ታጣቂዎቹ መርሳ ሲወርዱ እዚህ እዚያ አልፈለጉም፤ ቀጥ ብለው ሄደው ሎሚው ሥር ቆፈሩ። ስለ ሽጉጡ ከቤተሰብ ውጭ የነገርኩት ሰው ቢኖር አንድ ቀን ጠጅ ቤት ለይታገሱ ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

አሥራ አንድ ወር ታሰርኩ። አንተ እሑድ እሑድ ስንቅ ይዘህ ስትመጣ እንዴት ታለቅስ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘበኛው እንኳ አዝኖ፣ ወንድምህ እኮ አልሞተም፣ አብሽር ይልህ ነበር። እኔ እስረኛው አንተን አጽናና ነበር። ከመፈታቴ ሦስት ወር በፊት ሥራ አግኝተህ ወደ አዋሳ ሄድክ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንዳችን እንኳ ቀና አልን ብዬ።

ተፈትቼ ወደ መዝገብ ቤት ስመለስ በይታገሱ ሥር ተራ ጸሐፊ አደረጉኝ። ማህደር ሳስተካክል ጥቆማውን ከራሴ ማህደር ውስጥ አገኘሁት። አወጣሁት። በሠላሳ አራት ዓመት የሰረቅኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ከይታገሱ ጽሑፍ ጋር ላስተያየው ብል የሱ የእጅ ጽሑፍ የለም! ታይፒስት ምን በእጁ ይጽፋል? ያለው ፊርማው ብቻ ነው፤ እሱም ትል የሮጠበት ይመስላል። እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት። ሚስቱ ንግሥት በ95 ስትሞት ቀብር አልወጣሁም፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ትርንጎ ብቻዋን ሄዳ አፍራ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እርግጠኛ ነኝ ብዬ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። አስተማሪያችን መስከረም የምትባል ልጅ እግር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። አባቷ ደብተራ ስለነበሩ መቃ መቅረጹንም ቀለም መበጥበጡንም ከርሳቸው ወስዳለች። ስታስተምር ታምራለች፤ እኔ ግን መጀመሪያ አላመንኳትም። ገና በሁለተኛው ቀን ለልጅ ልጆቻችሁ የሚቀመጥ አንድ ገጽ ጻፉ፣ የት ተወለዳችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ ምን አያችሁ አለችን። ጠርጥር! በየዘመኑ፣ በየግምገማው ስንት ጊዜ የሕይወት ታሪክ ጽፈን አስረክበናል? ሁሉም አቀርቅሮ ጻፈ። ኋላ ስትሰበስብ አየሁት፤ ሁሉም ማህደሩ ውስጥ ያለውን ነው ቃል በቃል የገለበጠው። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከማንኛውም ድርጅት ጋር ግንኙነት የሌለኝ መሆኔን እገልጻለሁ። አንዱ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዟል። መስከረም አንብባ ስትጨርስ፣ ከእናንተ ውስጥ ፍቅር የያዘው፣ የሰው ሸንኮራ የሰረቀ አንድ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ከልቧ ስትስቅ ሳይ ትንሽ አመንኳት።

ሌላው የጠረጠርኩት መምህር ሙሄዲንን ነው። ሲሪንቃና ግራና ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ሻይ ሲመጣ እሱ አይጠጣም። ሻዩ ውስጥ ያለውን ቢያውቅ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት እኔም ተውኩት። ኋላ ስሰማ ሰውየው ሰኞና ሐሙስ ሱና ይጾማል። ለትርንጎ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ይታገሱ በእጁ ሲጽፍ ያየሁት መጋቢት ላይ ነው። ፊደሉ ትልልቅ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰነፍ ተማሪ የጻፈው ይመስላል። ከጥቆማው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። እኔ ግን ምን አልኩ መሰለህ? አየኸው፣ እጁን ሊሰውር አውቆ አበላሸው አልኩ። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከሠራ ወዲያ ማስረጃ ቢያጣም ቅር አይለውም። ስለዚህ ግንቦት 13፣ ሐሙስ ቀን ወረቀቱን ከኮቴ ገበር አውጥቼ ሰው ሁሉ እያየ ይታገሱ ፊት አስቀመጥኩት። አንተ ነህ የጻፍከው፣ ልጆቼ ፊት እንዳዋረድከኝ ዛሬ እዚህ ሰው ፊት እመን አልኩት። ዳማ የሚጫወቱት እንኳ እጃቸው ጠጠሩ ላይ ቀረ።

ይታገሱ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። አልተቆጣም። እኔ አንተን መክሰስ ብፈልግ በጽሕፈት መኪና፣ በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ እመታው ነበር እንጂ ይህን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ከየት አመጣለሁ አለኝ። አንዳንዱ ሳቀ።

ያኔ ሙሄዲን መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ልጅ የአስተማሪውን እጅ ይዞ ነው የሚያድገው፣ እኔ ደብተር አይቼ ይሄ የሐራ ልጅ ነው፣ ይሄ የግራና ነው እል ነበር አለ። ብዙ ቆየበት። ከዚያ የኔን ደብተር ጠየቀኝና ሰጠሁት። ጎን ለጎን አድርጎ የ«ሰ»ን አጭር ግራ እግር፣ የ«ረ»ን አንገት በጣቱ አሳየኝ። የየኔታ ልምድ ነው፣ ትምህርት ቤት እንዲህ አያስተምርም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ወላሂ ወንድሜ፣ ይህን የጻፈውን ሰው ፊደል ያስቆጠርከው አንተ ነህ፣ ማንን አስተምረሃል ብሎ ጠየቀኝ።

ማንንም አልኩት። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ሴቶቹ ልጆቼም የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፣ ማንንም አላስተማርኩም ልለው ስል የአባታችን ጓሮ መጣብኝ። የማንጎው ጥላ፣ በከሰል የምንጽፍበት የጣሳ ክዳን፣ አባታችን በሞተ ዓመት እጄ ውስጥ የገባች የስድስት ዓመት ልጅ እጅ። እንዴት ሞቃት ነበረች! «ሰ»ን ስንጽፍ ግራ እግሯን እንድናሳጥር እኔ ነበርኩ የምገፋት።

ሰው የራሱን እጅ አያውቅም ለካ። አሥራ ሰባት ዓመት ያን ወረቀት ሳየው እንዴት ያለ ቆንጆ ጽሑፍ ነው፣ የተረገመ እል ነበር።

ሁሉም አፌን ያየኛል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አዎ፣ ጽሑፉ የኔ ነው አልኩ። ዋናውን አይጥ እየበላው ስለነበር ገልብጬው ነበር፣ የገለበጥኩት መሆኑን ረስቼው ነው፣ እርጅና ነው አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መስከረም ብቻ አልሳቀችም። ሙሄዲን ወረቀቱን አየት አደረገና አጣጥፎ እጄ ላይ መለሰልኝ። ቀለሙም ወረቀቱም የድሮ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ አብሽር ብቻ አለኝ።

ይታገሱ ኮፍያውን አነሳ። በገዛ እጅህ ጽሑፍ አሥራ ሰባት ዓመት ከሰስከኝ፣ ንግሥት ስትሞት እንኳ ደጄን አልረገጥክም፣ እሷ ታማ ተኝታ ምን አድርገነው ነው እያለች ትጠይቀኝ ነበር አለኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ክፍል አለፈ፤ አልመጣም። እኔ ግን አልቀረሁም። የተሳቀበት ሰው ከቀረ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይመጣል።

አልዋሽህም፣ ከፍቶኛል። መታሰሩ አይደለም፤ እሱን እንደ በሽታ ቆጥሬ ትቼዋለሁ። ያን ዘመን ሰው ሥራ ለመያዝ፣ ንጹሕ ነኝ ለማለት የሌላውን ስም ስጥ ይባል እንደነበር አውቃለሁ፤ ስንቱ ፈርቶ የቅርቡን እንደሰጠ በስንት ማህደር አንብቤአለሁ። የሚያንገበግበኝ የንግሥት ጥያቄ ነው። መልስ ሳታገኝ የሞተች ሴት ናት፤ መልሱ ደግሞ እኛ ቤት ነበር።

ለትርንጎ እንደ አዳራሹ ሰዎች የገለበጥኩት ነው አልኳት። አመነች መሰለኝ፤ ባታምንም አትናገርም። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ልትጨምረው ስትል ከልክያታለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ተጣጥፎ ታገኘዋለህ። ያለ ቦታው የተቀመጠ ወረቀት ከጠፋ አይለይም፤ ይህ የሙያዬ ሕግ ነው።

ሌላ የማስቸግርህ ነገር አለ። ይታገሱ ቤት ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ። ትርንጎ ቅዳሜ እንሂድ አለችኝ። ቅዳሜ አልኩና ቀረሁ፤ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ብቻዬን መግባት አልቻልኩም። ብገባም የምናገረው ግማሹን ነው፤ ግማሹ የኔ አይደለም። ፍልሰታ ላይ ዓመት ፈቃድህ እንደሚደርስ ነግረኸኝ ነበር። ና። ከአውቶቡስ ስትወርድ እኔ አለሁ። ምንም አልጠይቅህም። እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ፤ ገብተን እንቀመጣለን፣ ከዚያ መጀመሪያ የምትናገረው አንተ ትሆናለህ።

እስክትመጣ አልሄድም። ሰውየው ግን ሰባ ሊሞላው ነው።

የአባታችን አምላክ ከነልጆችህ ይጠብቅህ፤ ክፉ አይንካህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

ሁልጊዜም የምወድህ፣
ታላቅ ወንድምህ