ለልጄ ሕመም አዲስ ስም ላወጡልን የኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር የሕክምና ቃላት ትርጉም ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ፈጣሪ ከሕመም ሁሉ ይጠብቅዎ፤ በተለይ ስሙን ራስዎ ከተረጎሙት።

በዐረብኛ ሳይሆን በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በአገርዎ ታክሲ የምነዳ ስደተኛ ነኝ፤ ዐረብኛዬ ከመንገድ ማሳየት ብዙም አያልፍም። ደግሞም ኮሚቴዎ መተርጎም ስለሚወድ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ያለባት፣ ሲንድረም የሚሉት ሕመም በእንግሊዝኛ የሚጠራው መጀመሪያ ባወቁት ሁለት ሐኪሞች ስም ነበር። ክሊኒካችን ተራ ሲደርስ የታካሚውን ስም ከሕመሙ ስም ጋር አያይዞ በማይክሮፎን ስለሚጠራ፣ አዳራሹ ሁለቱን ሐኪሞች የልጄ አባትና አያት ያደርጋቸው ነበር። እኔም ሳልለፋ ፈረንጅ ሆኜ ደረቴን ነፍቼ እነሳ ነበር። እርስዎ ግን የባዕድ ስም ይቅር፣ ሕመም በሚታይ ምልክቱ ይጠራ የሚል ደንብ አውጥተው ከዚህ ማዕረግ ስላወረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ኮሚቴም እንደሚያወጣው አላወቅንም ነበር። አዲሱ የዐረብኛ ስም በአማርኛ "ወፍ ፊት ድንክ" እንደ ማለት ነው። ዐረብኛን ከእኔ አብልጣ የምታውቀው ልጄ ያለ አስተርጓሚ ገብቷታል። ባለፈው በማይክሮፎን ሲጠራ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ ወፏን ፈለገ። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ልጄም ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ ወጣች።

ሦስተኛው ግን አያስቀልደኝም። ልጄ መቅረት የሌለበት የልብ ምርመራ አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ክሊኒኩ በር ድረስ አደርሳታለሁ፣ ከታክሲዬ ግን አትወርድም። እናቷ ብትለምናት፣ እኔ ብቆጣት፣ የመጣሁት ልታከም እንጂ ልሰደብ አይደለም ትላለች። ሐኪሟ በዚህ ከቀጠለ አደገኛ ነው ብሎናል። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ስሙን ለመቀየር ስብሰባ መጥራቱ ቢከብድዎ፣ አንድ ቀን ብቅ ይበሉና ከታክሲዬ የኋላ ወንበር አጠገቧ ተቀምጠው የተረጎሙትን ስም ዓይን ዓይኗን እያዩ ያንብቡላት። ድምፅዎ ሳይሰበር ከጨረሱ ደንብዎ ይጽና፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።

ለቋንቋ ጥራት የሚደክሙትን ድካም እያደነቅሁ፣ ከመሪዬ ላይ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣
የአንዲት ታካሚ አባት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ በመዝገበ ቃላትዎ መግቢያ ላይ ያለውን ፎቶግራፍዎን አይታ፣ ደንብዎን በማክበር ከሚታየው ምልክት ብቻ ተነስታ ለእርስዎም ስም አውጥታለች። እጅግ ግልጽ ነው። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ አልጻፍኩትም፤ ማይክሮፎኑ ግን ይሉኝታ የለውም።