በቃ የምለው እኔ ነኝ

እማዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎት? እኔ አራሷ እየበረታሁ ነው። ልጅዎ እስክሪብቶ ማንሳት ሞት ስለሚመስለው እሱንም ወክዬ እኔው ስሜዎታለሁ። የልጅ ልጅዎ አፍንጫዋ ቁርጥ የእርስዎ ነው። ቁጣዋ ግን የእናቷ ነው ይላል አባቷ፣ አፉን አይዘውም መቼም።

አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አባቷ እንዲያቅፋት አልፈቀድኩለትም። አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ እጅህን ታጠብ፣ አንዴ ጉንፋን ይዞሃል እያልኩ አሸሸኋት። ሆደ ባሻ መሆኑን ያውቃሉ፤ ደጅ ወጥቶ ይቆማል። እኔንም አንጀቴን ይበላኛል። ግን ፈራሁ፣ እማዬ።

ከሥራችን ልጀምርልዎት። ሐኪሞች የኩላሊት ጠጠር የሚሰባብሩበትን ሌዘር እንገጣጥማለን። ብርሃኑ የሚወጣው ከጣት አንጓ ከማትበልጥ ክሪስታል ነው። ከምትበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ብርሃን አይሆንም፣ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ካልወጣላት ትሰነጠቃለች። በትልቁ ማሽን ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ይወስድላታል። አለቃችን ግን ውሃ የሌለው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ካልሠራችሁ ብሎ ድርቅ አለ። ማራገቢያ ገጠምንለት፤ ጮኸ እንጂ አላቀዘቀዘም። ክሪስታሏ ከተቀመጠችበት መዳብ ስር ሰም ሞላን፤ ሰሙ እየቀለጠ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ቀልጦ ሲያልቅ ግን እዚያው ነን። አንድ ቀን ልጅዎ መዳቡን እንዲሁ በመዳፉ ያዘው። ሌዘሩ ሲሠራ ዋለ።

እውነቴን ነው፣ ሲሠራ ዋለ! ሌላ ሰው ቢነካው ቆዳው ይላጥ ነበር፤ የሱ እጅ ለብ እንኳ አላለም። ባልደረቦቻችን ፍሪጅ ነው ያገባሽው እያሉ ቀለዱብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ወሬ ይዞት መልቀቁን ረሳ። ክሪስታሏ ከመጠን በላይ ቀዝቅዛ ጤዛ ያዘች፤ ብርሃኑን ስንለቅባት ፊቷ ተቃጠለ። አለቃችን ማቀዝቀዝማ ማንም ያቀዘቅዛል፣ የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ነው ሥራው ብሎ ጮኸበት። እሱ ደግሞ መቼ እንደበዛ አይታወቀውም። ከዚያ በኋላ እስክወልድ ድረስ አጠገቡ ቆሜ፣ መለኪያውን እያየሁ በቃ የምለው እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሳለ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ በብርድ መድረቁን ነግሮኛል። ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ሲተወው እርስዎ ልብስዎን ከፍተው ከገላዎ ጋር አጣብቀው እንዳዳኑት ጭምር። በጠራራ ፀሐይ ካፖርትዎን የማያወልቁት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ወይ? ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። አሁን የልጅ ነገር ሆነብኝና አይደብቁኝ።

ልጅቷ ትኩሳት ይዟት እሳት ሆና ነበር። መድኃኒቱ ጋብ ያደርገውና ተመልሶ ይነሳል፤ ሐኪሙም ጠብቁ ከማለት በቀር ሌላ የለውም። ትናንት ጭንቅ ሲለኝ ከሥራ ቦታ ሙቀት የምንለካበትን ሽቦ አስመጥቼ ብብቷ ውስጥ አደረግሁና፣ በል መዳፍህን ግንባሯ ላይ አሳርፍ አልኩት። ልጁን ሲነካ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሩ ወረደ። በቃ ስለው አነሳ፤ ሲጨምር ደግሞ መለሰው። እንዲህ ስናደርግ አደርን፣ ዛሬ ጠዋት ጡት ጠባች፣ ተመስገን! እንግዲህ ሐሳብ አይግባዎት፣

እማዬ፣ እስከዚህ የጻፍኩት ጠዋት ነው። እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። ስነቃ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ልጅዎ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ልጅቷን ደረቱ ላይ አስተኝቷታል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ስለደከመሽ አልቀሰቀስኩሽም፣ እሷም አንዴ እንኳ አላለቀሰች አለኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ላብ፣ እማዬ! አልጋዋ ላይ አጋደማት፣ መጣና ጉንጬን ዳበሰኝ። እጁ ይሞቃል።

ሞቀኝ፣ ሞቀኝ እያለ፣ እየሳቀ መስኮቶቹን ሊከፍት ወደ ጓዳ ሄደ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ልጅቷ ተኝታለች። ተኝታለች ብዬ ልጻፍልዎት። ደብዳቤውን እስክጨርስ አልነካትም፤ ለዚህ ነው የማስረዝመው። እርስዎ ያን ቀን እንዴት እንደተረፉ ያውቃሉና፣ መልስ አይጻፉልኝ፣ ይምጡልኝ።

አምላክ የቀረዎትን ሙቀት ያቆይልዎት።

የልጅ ልጅዎ እናት