በምሕረት ምሳ ዕቃ የገባው ጥብስ

የሺዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው በዓመት ውስጥ ሁሉን ይለምዳል ይሉኛል። እኔ የለመድሁት መደንገጥን ብቻ ነው። ያን ቀን ጧት ራሴን ከበደኝ ብለሽ፣ የምሕረትን ጸጉር ሠርተሽ፣ የእኔን ነጭ ሸሚዝ ተኩሰሽ ወጣሽ፤ ከሰዓት በኋላ የለሽም። ሸሚዙን ለቀብርሽ ለበስሁት። ሰው ሁሉ ንጽሕናውን እያየ፣ እንዲህ ባለ ቀን ማን ተኮሰለት ሳይል አልቀረም።

ድንጋጤ እየቆየ ይደክመዋል ብዬ ነበር። ሰሞኑን ግን እንደ አዲስ ተነሣብኝ፤ ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ያስደነገጠኝም ጥብስ ነው። አንቺ ብትኖሪ መጀመሪያ ትስቂ ነበር፤ ቀጥለሽ ግን አትስቂም።

በፊት የቤቱን ላውራሽ። ዘይቱኑ ዘንድሮ ከልክ በላይ አፈራ፤ እኛ እስክናስታውሰው ወፍ ጨረሰው። እንጀራ ከሱቅ ነው። ሽሮ መሥራት ቻልሁ። የመጀመሪያው ማንኪያ አቁሞ የሚይዝ ነበር፤ ሁለተኛው ውኃ ሆነ፤ አሁን በመካከላቸው ነኝ። የዕድራችን ሊቀመንበር እንደገና ስለ ማግባት ይመክሩኛል። መጀመሪያ የመከሩኝ የድንኳኑን ወንበሮች ገና ቆጥረው ሳይረከቡ ነው፤ ለሁሉም ነገር ተራ የሚይዙ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። አልጋው ላይ አሁንም በግራ በኩል ነው የምተኛው። ቀኙን ማንም አልያዘውም፤ ግን አልሰፋሁም።

ምሕረት ዝም አለች። አታለቅስም፣ አታኮርፍም፤ ዝም ብቻ። ማታ ሁለት ጉርሻ በልታ ጠገብሁ ትላለች። እኔም ልጅ ሲጠግብ እንደዚህ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ ልብሷ እየሰፋ ሲመጣ ግን መታለሉ አላዋጣም። መምህሯ ዘንድ ሄድሁ። ሴትዮዋ ገና ወንበር ሳትሰጠኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ምሕረት በምሳ ሰዓት በደንብ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እንዲያውም ትጮኻለች አለችኝ። እኔ ልጄ ስትጮኽ ከሰማሁ ወራት ሆኖኛል። ከማን ጋር ስትሆን ነው ብላት፣ ከሐያት ጋር ነዋ አለች፤ ይህን አለማወቄ ገርሟት።

የጨርቅ ሻጯን የዘይነብን ልጅ፣ ሐያትን። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ከልጃችን ጎን የማትጠፋዋን። ሁለቱ ከትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ምሳ ዕቃዎቻቸውን ከፍተው ጎን ለጎን ይገጥሙና ከሁለቱም ይበላሉ። የማን ነው አይባባሉም። የሺዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጃችን በቀን አንዴ ብቻ ነው ልጅ የምትሆነው፤ እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ይህችን አንዲቱን ሰዓት ላጠፋት ነበር።

አጠፋፌ እንዲህ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ በምሳ ዕቃው ሽሮ፣ ድንች፣ አንዳንዴም ሩዝ ነበር የምጨምርላት፤ ሌላ ስለማልችል። ጥፋቱ የመጣው ሙያዬ ሲሻሻል ነው። ለፋሲካ ከጎረቤቶች ጋር ቅርጫ ገባሁ፤ ድርሻዬን በቅጠል ተሸክሜ ስገባ አባወራ መሰልሁ። በሃምሳው ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ባሕረ ሐሳብ ቀምሬ የጾሙን መግቢያና መውጫ ከእነ ሰበቡ አውቃለሁ። በዚህ እውቀት ተማምኜ፣ በበዓሉ ማግስት ባለው ሳምንት፣ ጧት ተነሥቼ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ የጥብስ ቅጠሉን አድርጌ ጠበስሁ። ቀመስሁት፤ ደግሜ ቀመስሁት። በምሕረት ምሳ ዕቃ ጠቅጥቄ ሞላሁትና፣ አንቺ ብታዪኝ ብዬ ትንሽ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ነው ልበልሽ።

ማታ ምሳ ዕቃውን ስከፍት ተጠርጎ ተበልቷል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ስቀበል እንደዚያ አልኮራሁም። ላጥበው ወደ ሳፋው እያስገባሁት ሳለ ምሕረት ከኋላዬ መጥታ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ሐያት በጣም ወደደችው። ከእኔ የበለጠ እሷ በላች።»

ደስ አለኝ። ደስታው ምሳ ዕቃው ውኃ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ቆየ። ከዚያ ክው አልሁ።

እዚህ ከተማ ጡት የጣለ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ረሳሁት። እነሱ የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ሠርግ ሲሆን ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፤ ባራኪው ለየብቻ ነው። አብሮ ለመኖር መቼ አብሮ እንደማይበላ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኛ በዚህ በኩል የተካንን ሕዝብ ነን። እኔ ግን በቅርጫ የገዛሁትን፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን በሬ፣ ለሐጂ የልጅ ልጅ በገዛ ልጄ እጅ ላክሁላት።

ሌሊቱን አልገልጽልሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፤ ያቺ ልጅ ለምን አልጠየቀችም? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሥጋ መሆኑ አይጠፋትም። የማን ሥጋ ነው ማለትን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። ለምን ዝም ብላ በላች?

መልሱ ሲገባኝ ጧት ነበር፤ ገባኝ ከምል መታኝ ብል ይሻላል። ያልጠየቀችው ከምሕረት ምሳ ዕቃ ሥጋ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። አንዴም። ይህን ሁሉ ዓመት።

የሺዬ፣ ያን የገና ሰሞን ታስታውሻለሽ? ፍሪጁ ሥጋ ሞልቶ አልዘጋ እያለን፣ አንቺ ጧት ተነሥተሽ ለምሕረት ምስር ትሠሪያለሽ። ልጂቱን መነኩሲት ልታደርጊያት ነው ወይ ብዬ ቀለድሁብሽ። ምስር ትወዳለች ብለሽ አለፍሽው። እኔም ሴቲቱ ሥጋ ትቆጥባለች አልሁ። ቤት ሙሉ መጻሕፍት ያነበበ ሰው፣ ከፊቱ የተቀመጠውን አንድ ሰሐን ምስር ማንበብ አቃተው።

ይህ በገባኝ ቀን ምሕረት ምሳ ዕቃዋን ሳትነካው መለሰችው። በማግስቱም እንዲሁ። ሐያት ለምሳ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው አለችኝ፤ ዘይነብ ሠራተኛ እየላከች ታስጠራታለች። ምሕረት ከዋርካው ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። በእሷ ፈንታ ማን እንዳለቀሰ አልነግርሽም።

ቅዳሜ ወደ ዘይነብ ቤት ሄድሁ። በመንገድ ንግግር አዘጋጀሁ፤ ስለ መቻቻል፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ልጆች የዋህነት፤ ለመምህራን ቀን የሚሆን ጥሩ ንግግር ነበር። በሩን የከፈቱልኝ የዘይነብ እናት እማማ ሩቂያ ናቸው። እሳቸውን ሳይ ንግግሩ ከእነ መግቢያው ጠፋኝ። ጥብሱን እኔ ነኝ የጠበስሁት አልኋቸው፤ ሌባ እጁን ሲሰጥ እንደሚለው። ዘይነብ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

ተቀመጥ ተባልሁ፣ ተቀመጥሁ። ረስቼ ነው፣ አስቤ አይደለም፣ ልጂቱን ከኃጢአት እንዳስገባኋት አውቃለሁ እያልሁ ስንተባተብ እማማ ሩቂያ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ሳታውቅ የበላች ሕፃን ምንም የለባትም አሉ፤ ይህን ለማወቅ ሼህ መጠየቅ አያሻም፤ አፏን በውኃ ተጉመጥምጣለች፣ አልቋል። ታዲያ ለምን ለያችኋት ልል ስል ዘይነብ ቀደመችኝ። አንቺና እሷ ስለ ምሳ ዕቃዎቹ የገባችሁትን ቃል ያወራችኝ ያኔ ነው።

ልጆቹ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ ልትገዢ ሱቋ ሄደሽ፣ ሜትሩን እየለካችልሽ ሳለ ያልሻትን ነገረችኝ። እነዚህ ልጆች አንዱ ካንዱ መብላታቸው አይቀርም፤ ብንከለክላቸው ተደብቀው ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ እኔም ሥጋ አላስገባም፣ አንቺም አታስገቢ፤ ለእነሱም አንንገራቸው፣ ሳይጠያየቁ ይብሉ አልሻት። እሷም እሺ አለች። በዒድ ሐያት አልቅሳ ሥጋ አድርጊልኝ ስትላት እንኳ ዘይነብ ቃሏን አላፈረሰችም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከጎንሽ እየተኛሁ ስለዚህ ነገር ምንም አልሰማሁም።

እንደማታውቅ አላወቅሁም አለችኝ ዘይነብ፤ ለባል የማይነገር ነገር መስሎ አልታያትም። ከዚያ እማማ ሩቂያ ዓይኔን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝን ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ በሥጋው አልተቀየምንም። አንተ፣ ሚስቴ ከሞተች ቃሏም ሞተ፣ ልጄን ከልጃችሁ ለዩልኝ የምትለን ነው የመሰለን። አፍ አውጥቶ ከማለት ይህን መረጠ ብለን፣ እንዳናስቸግርህ ልጃችንን ሰበሰብን።»

የሺዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አስቢው። እኔ ጥብስ ጠበስሁ እንጂ ደብዳቤ አልጻፍሁም። በእነሱ ቤት ግን ጥብሱ ተነበበ። የሞተ ቀብረው፣ ከእኛ ጋር አልቅሰው፣ ድንኳናችን ሥር ተቀምጠው፣ ከዚያ ደግሞ ከእኔ አንድ ምሳ ዕቃ ሙሉ ስድብ ተቀበሉ፤ ተቀብለውም በትሕትና ዞር አሉ። ቢጣሉኝ ይሻለኝ ነበር። ጨዋነታቸው ነው ያስደነገጠኝ። እኔ ሳላውቅ፣ እነሱ ሳይናገሩ፣ ሁለት ልጆች ተለያይተው ሊቀሩ ነበር፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር።

ምን እንዳልኋቸው በደንብ አላስታውስም። ቃሏ አልሞተም፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት ያልሁ ይመስለኛል። ዘይነብ ለቅሶዋን ቀጠለች፤ እኔም አገዝኋት። እማማ ሩቂያ ትንሽ ካዩን በኋላ፣ ሁለታችሁም ስታበቁ ሰኞ ልጆቹ የሚበሉትን እንመካከር አሉ።

ሰኞ እኔ ነኝ የማበስለው አልሁ። ዓሣ ይሁን አሉ እሳቸው፤ ዓሣ ማን ባረከው አይባልም፣ ከጣና ሲወጣ ጀምሮ ለሁለታችንም የተፈቀደ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ሻጩ ረጅም፣ ልስልስ፣ ጢማም የሆነውን አንሥቶ አሳየኝ፤ ሥጋው ብዙ ነው፣ አጥንቱ ጥቂት። ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት፣ አጠገቤ የቆሙ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቀስ ብለው፣ አምባዛ እኮ ነው ልጄ፣ ቅርፊት የለውም፣ ትበላዋለህ እንዴ አሉኝ። በኦሪት የተከለከለውን። በእነሱ በኩል የሠራሁትን ስሕተት ሳላርም፣ በእኛ በኩል ሌላ ልጨምር ነበር። ባለ ቅርፊቱን ቀረሶ ገዛሁ። ቅርፊቱን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት ብልሽ ብዙ አልዋሸሁም።

ሰኞ ማታ ምሕረት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ማድቤት መጣች። ሐያት መጥታለች አለች። ዘይነብ ድንችና ካሮት ልካለች። ከዚያ ስለ ዓሣው፣ ስለ እሾሁ፣ ሐያት ስለወረወረችው ጭራ፣ ጭራውን ስለወሰደችው ድመት፣ ስለ ድመቲቱ ልጆች አወራችኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ ሳትወስድ። እንዳላቋርጣት ፈርቼ ድስቱን ማማሰሌን ቀጠልሁ። በመጨረሻ ቆም ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ግን አባዬ፣ መጀመሪያ ምሳ ዕቃዬን ስከፍት፣ ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም።»

ዓሣ ነው አልኋት፣ እሺ ብላ በላች አለች። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነው። እኔ ግን ማማሰያውን ይዤ ቀረሁ።

አንቺ ዓመታት ሠርተሽ ያቆየሻት ነገር ያቺ አለመጠየቅ ነበረች፤ እኔ በአንድ ጧት ፈጀኋት። እንግዲህ የማስብሽ በሐውልት አይደለም፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ስለ እብነ በረድ ያመጡትን ሐሳብ ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። የማስብሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በጾምም በፍስክም፣ ፍሪጁ ቢሞላም፣ ምሕረት ብታለቅስም፣ ሥጋ የሌለበት ምሳ በመቋጠር ነው። ሐያት ነገም ምንድን ነው ትላለች፤ ከነገ ወዲያም። ይሁን፣ ትጠይቅ። እኔ ሳልሰለች እየሠራሁ፣ መጠየቋን የምትረሳበትን ቀን እጠብቃለሁ።

ያንቺው
የምሕረት አባት