አቶ አምላኩ በላይነህ እና ብዙ ስም የነበራት የእሽቅድምድም ጀልባ

አቶ አምላኩ በላይነህ ከአባታቸው ከአቶ በላይነህ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጥሽ አሊጋዝ በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በራያና ቆቦ አውራጃ፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን አልጻፍኩም። በፓስፖርታቸው ጥር ይላል፣ በአሳይለም፣ በጥገኝነት ወረቀታቸው ሰኔ ይላል፣ እርሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ "ዝናብ ነበር ይባላል" ብለው ወሬውን ይዘጉታል። በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተዋል። እዚህ ቦታ ላይ የክርስትና ስማቸው መጻፍ ነበረበት፤ ይህን ጽሑፍ በጀመርኩበት ሐሙስ ዕለት ግን ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘንም። ያለዚያ ስም ፍትሐት እንዴት ሊደረግላቸው እንደሚችል ስናስብ ሁላችንም ግራ ገባን። እኔ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀገነት ታላቅ እህት ብርነሽ ነኝ። በቅደም ተከተል ጻፊ ተብያለሁና እንደምንም እሞክራለሁ።

አቶ አምላኩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆቦ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. ወደ አሰብ ወረዱ። በዚያም በወደቡ የጀልባ ሞተር ጥገና ሠርተዋል። ስለ አሰብ ኑሯቸው ከዚህ የበለጠ የምለው ባገኝ ደስ ባለኝ፤ ሲጠየቁ "ሙቀቱ!" ብለው አንገታቸውን ይጠርጋሉ እንጂ ሌላ አያወሩም። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ሰባት ዓመት በጋራዥ ከሠሩ በኋላ በ1990 ዓ.ም. በናይሮቢ በኩል ጆሃንስበርግ ደረሱ።

እዚህም እንደ ሁላችን ከሐበሻው ገበያ ከጀፕ ነው የጀመሩት። ብርድ ልብስና ካልሲ ከጀፕ ገዝተው በሚኒባስ ታክሲ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሰፈር ወደ ጻካኔ እየወሰዱ ይሸጡ ነበር። ታክሲው መንገድ ላይ ሲበላሽ ሌላው ተሳፋሪ ይራገማል፣ እርሳቸው ግን ወርደው ያስነሡታል። ውሎ አድሮ ሾፌሮቹ የሰውዬውን ብርድ ልብስ ረስተው ሞተር እያመጡ ደጃቸው ላይ ያራግፉ ጀመር። በዚህ ዓይነት በ1993 ዓ.ም. በጻካኔ የራሳቸውን የሞተር ጥገና ቤት ከፈቱ። በ1994 ዓ.ም. ከእህቴ ጋር በመንግሥት መዝገብ ቤት፣ በሆም አፌርስ ተፈራርመው ትዳር መሠረቱ። ለመቁረብ መጀመሪያ "ልጆቹ ይደጉ" ተባለ፣ ቀጥሎ "ሥራው ይቅለል" ተባለ፣ እንዲሁ ሳይሆን ቀረ። ቆርበው ቢሆን ኖሮ ስማቸውን ያኔ እንሰማው ነበር። ልጃቸው ሳምሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ወንድሟ አምሃ አሥረኛ ክፍል ነው።

እህቴ ስማቸውን ሳትጠይቃቸው ቀርታ አይደለም። አያታቸው በልጅነታቸው፣ የክርስትና ስምህን ደብተራ ከሰማው ይመትትብሃል ብለው አስፈራርተዋቸው ነበር። የታክሲ ሾፌሮች ጠብ ሲገላግሉ ዓይናቸውን የማያሹ ሰው ይህችን ነገር ግን እስከ መጨረሻው ፈሩ። ፀገነት ስትጠይቃቸው "አንድ ቀን እነግርሻለሁ" ይላሉ፤ ያ ቀን ደግሞ ሳይመጣ ቀረ። ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነግረው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጀልባዋ ልምጣ። በሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ጀልባ ምን ትሠራለች የሚል ይኖራል። እኔም ያንኑ እላለሁ። ሆኖም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ እርሷ ልጽፋቸው ብሞክር የምጽፈው አጣሁ።

ጀልባዋ የነበረችው በጻካኔ ከጥገና ቤታቸው ጀርባ፣ በጎረቤታቸው በባፈና ግቢ ውስጥ ነው። አፍንጫዋ የሾለ፣ ለሽርሽር ሳይሆን በውቅያኖስ ላይ ለመሽቀዳደም የተሠራች የእንጨት ጀልባ ናት። ባፈና ዶሮ ያረባባት ነበር። የማን እንደሆነች ሲጠይቁት፣ "የኔ ናት ባባ። ከኔ በፊት የጥርስ ዶክተሩ፣ አሠሪዬ የነበረው። ከዶክተሩ በፊት? ኤሽ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ዶሮዎቹን ካስወጣህልኝ ውሰዳት" አላቸው። ዶሮዎቹ ወጡ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከነገ ጀምሮ ከቤት መውጣት የለም በተባለበት ዕለት፣ የጆሃንስበርግ ሰው ሁሉ ለዱቄትና ለሶፍት ሲጋፋ፣ አቶ አምላኩ ጀልባ በመኪና እየጎተቱ ቤዝ ቫሊ መኖሪያ ቤታቸው ገቡ። ባሕሩ ያለው ከዚህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ "ይሄ ምንድን ነው?" ብትላቸው፣ "ጀልባ ናት" አሏት፤ ሌላ ማብራሪያ አልተሰጠም። የልብስ ማስጫው ገመድ የነበረበት ቦታ በዚህ ዓይነት ተወሰደ።

ጥገና ቤቱ በተዘጋባቸው ወራት ጀልባዋን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ይውሉ ነበር። ከላይኛው ቀለም ሥር ሌላ ቀለም፣ ከጎኗ ላይ ከተጻፈው ስም ሥርም ሌላ ስም ይወጣል። አንደኛው የጥርስ ዶክተሩ የሁለተኛ ሚስት ስም ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሚስት ስም ነበረ። ከሁሉም ሥር ያለው ግን ተፍቆ ስለጠፋ አይነበብም። አቶ አምላኩም የመጀመሪያ ስሟን ሳላውቅ ሌላ ቀለም አልቀባትም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቶቿን ማፈላለግ የጀመሩት።

በስልክ ያላገኙት ሰው የለም። የጥርስ ዶክተሩን አውስትራሊያ ድረስ ደውለው አገኙት፤ ጣሊያን አገር የተሠራች ናት ብሎ ማለላቸው። ለዶክተሩ የሸጠለት የፖርቱጋል ተወላጅ ባለ ምግብ ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ባለቤት እኔ ነኝ፣ ደርባን በአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ኬፕ ታውን ያለ አንድ ሰው እንዲህ ያለች ጀልባ አባቴ ነበረችው፣ ግን በውድድር ላይ ተቃጥላ ሰምጣለች፣ ያንተ ሌላ ናት ብሎ ስልኩን ዘጋ። አቶ አምላኩ ይህን ሁሉ በእራት ሰዓት ይነግሩናል፤ እኛ የትኛው ባለቤት ከየትኛው እንደሚቀድም ይምታታብናል። ጀፕ ያሉ ጓደኞቻቸው "ካፒቴን" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እኔም ከቀልደኞቹ አንዷ ነበርኩ። ለምን ይህን ያህል እንደደከሙባት ብዙ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ፤ "ሰው የማን ልጅ ነህ ተብሎ ይጠየቅ የለ?" ነበር መልሳቸው። ገባኝ ብል ውሸት ነው።

በመጨረሻ ደርባን የሚኖሩ ሚስስ ቤሪል የሚባሉ አዛውንት ተገኙ። ጀልባዋን ከሟች ባላቸው ጋር ሆነው በጓሯቸው የሠሯት እርሳቸው ናቸው። በውድድር ጊዜ ባል መሪ ሲይዙ፣ እርሳቸው ከጎን ተቀምጠው ሞተሩን ይጠብቁ ነበር። አቶ አምላኩ የላኩላቸውን ፎቶ አይተው፣ ራሳቸው ሲሠሯት የተሳሳቱበትን አንድ የጣውላ መጋጠሚያ ለይተው አወቁት። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ከሰዓት ሁለቱ በስልክ ያወራሉ። አቶ አምላኩ ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ነው የሚያወሩት፤ እኛም ስለ ሞተር ነው ብለን አንጠጋም ነበር።

በጥር 2013 ዓ.ም. የንስሐ አባታቸው በዚሁ ወረርሽኝ ዐረፉ። አቶ አምላኩ በጣም አዘኑ፤ ከዚያም ይበልጥ ዝምተኛ ሆኑ። በሐምሌ ወር መጨረሻ እርሳቸውንም ትኩሳትና ሳል ጀመራቸው። ሆስፒታል ሲገቡ ማንም እንዲከተላቸው አልተፈቀደም። ፀገነት ያየቻቸው በወሰዳቸው መኪና መስኮት ነው፤ በጭምብሉ ውስጥ የሆነ ነገር ብለዋታል፣ አልሰማችም። ነሐሴ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አዲሱ አገልጋያችን ቀሲስ ዮፍታሄ ሊያጽናኑን ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት የክርስትና ስማቸውን ነው። ያኔ ነው ሁላችንም ፊት ለፊት የተያየነው። ወደ ቆቦ ደወልን፤ በጦርነቱ ምክንያት ስልክ ተቋርጧል። አዲስ አበባ ያሉ የአጎታቸው ልጅ "ወልደ ሚካኤል መሰለኝ" አሉ። ደሴ ያሉት አክስታቸው "እሱ የታላቁ ነው፤ የአምላኩ ገብረ መድኅን ነው" አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደውለው ገብረ መድኅን የጎረቤት ልጅ እንደነበረ አስታወሱ። የጀልባዋን ባለቤቶች መሰሉብኝ፤ ሁሉም ይምላል፣ አንዱም ከሌላው አይገጥምም።

ቀሲስ ዮፍታሄ እንደ መልካም እረኛ መከሩን። "ስሙ ካልተገኘ ገብረ ክርስቶስ ብለን እንፈታቸዋለን፤ እግዚአብሔር የራሱን ሰው አይስትም" አሉ። ፀገነት ግን እንቢ አለች። "አባቴ፣ በሕይወቱ ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈለትን ወረቀት ይዞ ሲንከራተት ነው የኖረው። አሁን እንኳን በራሱ ስም ይሂድልኝ" ብላ አለቀሰች። ቀብር አስፈጻሚዎቹ ደግሞ በበሽታው የሞተ ሰው ከቅዳሜ አያልፍም ብለውናል። አስከሬኑን ወደ አገር መላክ የማይታሰብ ነው። እህቴ ስንት ነገር ችላለች፤ የተሸነፈችው ግን በዚህ ነው። 

ትናንት ዓርብ ጠዋት ዕቃቸው ከሆስፒታል መጣ። አምሃ የአባቱን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰካው፤ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሚስስ ቤሪል ነበሩ፤ ሁለት ዓርብ ሲደውሉ ስልኩ ዝግ እንደሆነባቸው ነገሩኝ። መሞታቸውን ነገርኳቸው።  ከዚያ፣ "ሚስቱን ጥሪልኝ፤ ለእርሷ የማደርሰው ነገር አለ" አሉ።

ስልኩን በስፒከር አድርገን ሁላችንም የሰማነው ይህ ነው። አቶ አምላኩ የጀልባዋን የመጀመሪያ ስም ሲጠይቋቸው፣ ሚስስ ቤሪል ለቀልድ "ያንተስ ስም የመጀመሪያው ነው?" ብለዋቸው ነበር። አቶ አምላኩ በዚያን ዕለት መልስ ሳይሰጡ ዘጉ። የንስሐ አባታቸው በሞቱ ሳምንት ደውለው፣ "ስሜን የሚያውቅ ሰው አሁን የለም። ለሚስቴ ብነግራት ልሞት ነው ብላ ትደነግጣለች። አንቺ ያዥልኝ፤ ከሞትኩ ስጫት" አሏቸው። "ለምን እኔ?" ቢሏቸው፣ "አንቺ ደብተራ አታውቂም" ነው ያሏቸው። "ደብተራ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም" አሉ ሚስስ ቤሪል። "በየዓርቡ ግን ከሁሉ በፊት ስሙን ያስደግመኝ ነበር። ትንሽ ከተሳሳትኩ እንደ ተማሪ ነበር የሚያርመኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሞተር የምናወራው።"

ከዚያም ስሙን ጠሩት። ኪዳነ ማርያም።

ፀገነት መጀመሪያ የተናገረችው የደስታ ቃል አልነበረም። "ሃያ ዓመት ሊሆነን፣ ለእኔ ያልነገረኝን ለፈረንጅ ነገረ!" ብላ ስልኩን ልትወረውረው ነበር። ሳምሪ እጇን ያዘቻት። ትንሽ ቆይታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና፣ "እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" አለች። ደገሙላት። እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ደገሙላት። የደርባኗ አዛውንት ስሙን የቆቦ ሰው እንደሚጠራው አድርገው ነው የጠሩት። ቀሲስ ዮፍታሄ አጠገባችን ቆመው ያማትቡ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ሙሉ ለማድረግ የጀልባዋን የመጀመሪያ ስምም ጠይቄ ነበር። ሚስስ ቤሪል፣ "እርሱን ለአምላኩ ነግሬዋለሁ። አሁን የጀልባዋ ባለቤት ሚስቱ ናት፤ በሚመጣው ዓርብ ትደውልልኝ፣ ለእርሷ እነግራታለሁ" አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ የለም። ብዙ ነገር አሁንም አልገባኝም፤ ሰው ለሚስቱ የሚሳሳውን ያህል ለምን እንደሚደብቃት ከሁሉም በላይ አልገባኝም። ቀልዴን ግን መልሻለሁ፤ ሰውየው ጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጡት ለጨዋታ አልነበረም።

አቶ አምላኩ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። በባለቤታቸው፣ በልጆቻቸው፣ በእኔ፣ እንደ ወንድም በሚያያቸው በባፈና፣ በጻካኔና በአይቮሪ ፓርክ የታክሲ ሾፌሮች ዘንድ የማይሞላ ቦታ ትተዋል። በሕጉ ምክንያት እዚህ የቆምነው ከሃምሳ አንበልጥም፤ በዙም የምትከታተሉን ወገኖች፣ ደርባን ያሉትን ሚስስ ቤሪልንም ጨምሮ፣ ስላጽናናችሁን እናመሰግናለን።

ከዚህ ንባብ ቀጥሎ ቀሲስ ዮፍታሄ በፍትሐቱ ስማቸውን ይጠራሉ። መተት ከእንግዲህ አይደርስባቸውምና ጮክ ብለው እንዲጠሩት ለምነናቸዋል። ፀገነት ስሙ ሲጠራ በእርሳቸው ፋንታ "አቤት" እላለሁ ብላለች፤ ቀሲስም አልከለከሏትም።

የሰማይና የምድር ጌታ ኪዳነ ማርያምን በዚሁ በራሳቸው ስም ጠርቶ ወደ ቤቱ ያስገባልን፤ አሜን።